የሐይቁ ረቂቅ

የሌላ ሴት ባል ቅዳሜ ሲመጣ ጠጅ ቤት ይሄዳል፤ የእኔ ባል ውሃ ሊያይ ይሄዳል። ጎረቤቶቼ "ኢተፋ ዛሬም ወደ ሻላ ነው?" ሲሉኝ፣ "አዎ፣ ጎድሎ እንደሆነ ሊያይልን ነው" እላቸዋለሁ። ምን ልበል ታዲያ? ከናዝሬት ተነሥቶ፣ ሞጆ ላይ መኪና ቀይሮ፣ መቂንና ዝዋይን አልፎ፣ ቡልቡላ እናቱ ቤት አድሮ፣ እሑድ በማለዳ ወደ ሐይቁ ወርዶ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ውሎ የሚመለስ ሰው ምን ይባላል? ዓሣ እንኳ አያጠምድም። ደግሞ ሻላ የሚጠመድ ዓሣም የለው። ዓሣ ይዞ ቢመለስ እኮ ለሰው ማስረዳቱ አይቸግረኝም ነበር።

ባሌ ሠዓሊ ነው። ቀን ቀን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት መፈክር ይጽፋል፤ ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ከልብስ ስፌት ቤቴ በስተጀርባ ባለችው ክፍል የራሱን ይሠራል። እኔ ሮማነወርቅ ከፊት የሲንጀር መኪናዬን ሳስጮህ፣ እሱ ከኋላ ዝም ይላል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እኔ ለሁለት እንደምናገር ያውቃል።

ሻላ ድረስ አንድ ጊዜ ተከትዬው ሄጃለሁ። የእኔን ሰውዬ እንዲህ የወሰደብኝ ነገር ምን እንደሆነ ልይ ብዬ ነው እንጂ መንገዱ አምሮኝ አልነበረም። ዳርቻው ሰው የሚውልበት አይደለም። ገደሉ ጥቁር ነው። ውሃው ከሩቅ ሲያዩት ሰማያዊ፣ ሲጠጉት አረንጓዴም ግራጫም የሚሆን፣ ስሙን የማላውቀው ቀለም አለው። ከዳር በኩል ፍል ውሃ ይንፈቀፈቃል፤ እንፋሎቱ ከድንጋይ ሥር ይወጣል። ውሃው በሸሸበት መሬት ላይ አመድ የመሰለ ጨው ተጋግሯል፣ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ነፋሱ ሻሼን ካልወሰድኩ ብሎ ታገለኝ። ቤት የለ፣ ጀልባ የለ፤ ግራሩ እንኳ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ነው የበቀለው።

ኢተፋ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

"ወረቀትህ የታለ?" አልኩት።

"አላመጣሁም።"

"እርሳስስ?"

"እሱንም።"

"እንግዲያ ምን እየሠራህ ነው?"

"እያየሁ ነው፣ ሮሚ። እዚህ ቁጭ ብዬ ከሳልኩ እጄ ዓይኔን ይቀድመዋል። ቤት ገብቼ፣ ሳምንት ቆይቶ ያልረሳሁት ብቻ ነው የሚሳለው።"

"ታዲያ እኔ ጋዝ ግዛ ብዬ የላክሁህን ምነው ከደጅ ሳትወጣ ትረሳዋለህ?"

ፈገግ አለና ወደ ውሃው ተመለሰ። እኔ እስከ ቀትር ታግሼ፣ ይዤው የመጣሁትን ዳቦ በላሁ፣ ትንሽም ተኛሁ። ስነቃ እዚያው ነበር። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ነው ብዬ ከዚያ ወዲያ ሄጄ አላውቅም።

ቤት ሲሠራ ግን ማየት ነው። ሸራ አይገኝም፤ አቡጀዲ ነው የምሰፋለት። ከእንጨት ላይ ወጥሮ ጀሶና ሙጫ ይቀባዋል፣ ይደርቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፣ እንደገና ይቀባዋል። ቀለሙ ከመሥሪያ ቤት የተረፈ ነው። በዚያ ዘመን ቀይ ቀለም እንደ ልብ ነበር፤ የኢተፋ ሐይቅ ላይ ግን አንዲት ጠብታ ቀይ አታገኙም። ሰማያዊ ሲቸግረው የእኔን ነጭ ልብስ የሚነከርበትን ዱቄት ይሰርቀኛል። ከዳርቻው ያመጣውን አፈርና አሸዋ በቆርቆሮ በቆርቆሮ ደርድሮ፣ እየወቀጠና እየነፋ ከቀለሙ ጋር ያሸዋል። በቡሩሽ ይቀባና በብረት ማስመሪያዬ መልሶ ይገፍፈዋል። ይቀባል፣ ይገፍፋል። "ለምን ታፈርሰዋለህ?" ስለው "ውሃ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ያመጣል፣ ይወስዳል፤ የሚቀረው ዳርቻ ይሆናል" አለኝ። ማስመሪያዬን ስለሚያበላሽብኝ ነው እንጂ ነገሩስ ልክ ሳይሆን አይቀርም።

ኢተፋ ድሮ እንዲህ አልነበረም። አዲስ አበባ ሥዕል ተምሮ ናዝሬት ሲመጣ የሰው ፊት የሚስል ሰው ነበር። ጉርድ ፎቶግራፍ ይሰጡታል፣ እሱ በትልቁ ስሎ ያስረክባል። ሙሽራ ይስላል፣ ነጋዴ ይስላል፣ የሞተ አባት ከነካባው ይስላል። እኔንም ያገባኝ ስሎ ነው፤ አፍንጫዬን አሳምሮልኛል። በኋላ ያ ክፉ ጊዜ መጣ፤ ስድሳ ዘጠኝና ሰባ። ከዚያ ወዲያ ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘው የሚመጡት እናቶች ብቻ ሆኑ። ፎቶው ከተማሪ መታወቂያ ላይ የተላጠ ነው፤ ጥጉ ላይ የማኅተም ግማሽ አለበት። ለልጅ ማልቀስ ያስጠይቅ ስለነበር፣ ፊቱን በትልቁ አስለው ጓዳ ይሰቅሉታል። ኢተፋ አንዷንም እናት አልመለሰም።

አንድ ጠዋት የገዛ እናቱ መጡ። እማማ ዲንቄ ከቡልቡላ ጀምሮ ጨብጠውት የመጡትን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አኖሩና "ኢልመ ኮ… ልጄን ሳልልኝ" አሉት። ሰንበታ ነበር፣ የኢተፋ ታናሽ ወንድም። ኩየራ ይማር ነበር። ለዕረፍት ሲመጣ ከመንገድ ወሰዱት፤ የት እንዳደረሱት የነገረን የለም። ኢተፋ ፎቶውን አቁሞ ሸራውን ወጠረ። አንድ መሥመር አላሰመረም። እናቱን "ነገ ይደርሳል" እያለ ሰነበተ። በመጨረሻ እሳቸውም ገባቸውና ፎቷቸውን ይዘው ወደ ቡልቡላ ተመለሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኢተፋ የሰው ፊት ስሎ አያውቅም። መሥሪያ ቤቱ የመሪዎቹን ሥዕል ሥራ ሲለው "እጄ ይንቀጠቀጣል" ብሎ ፊደል ብቻ መጻፍ ያዘ። የሰንበታንም ስም ጠርቶ አያውቅም። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ፤ እኔ ዝም ያልኩበት ነገር እሱ ብቻ ነው።

እንዲህ ሆነን ስምንት ዓመት ኖርን። እውነቱን ልናገርና፣ ቤቴ ውስጥ የነበረው ግማሽ ሰው ነው። ይበላል፣ ይሠራል፣ ውሃውን አይቶ ይመለሳል።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ፣ ላንጋኖ ዳር ካለ የመንግሥት ሆቴል ሥራ አስኪያጁ አቶ አስፋው መጡ። ለምግብ ቤቱ የጠረጴዛ ልብስ እንድሰፋ ሊያዙኝ ነው የመጡት። ደግ ሰው ናቸው፤ ጥላቸውን የሚፈሩ ግን ናቸው። የሆቴሉን የዋና ክልል ማስታወቂያ የጻፈው ኢተፋ ስለነበር ሰላም ሊሉት ወደ ኋላ ዘለቁ። እግረ መንገዳቸውን፣ "የምግብ ቤቱ ትልቁ ግድግዳ ባዶ ነው፤ ከላይ ሰዎች ይመጡብናል እየተባለ ነው። እስቲ አንድ የሐይቅ ሥዕል ሥራልን" አሉት። እምቢ ይላል ብዬ ነበር። ኢተፋ "እሠራለሁ" አለ።

አቡጀዲውን ሁለት ስፋት አድርጌ ቀጠልኩለት፣ ግድግዳው ትልቅ ነበርና። ስፌቱ መሐል ለመሐል አለፈ። እንዳይታይ አድርጌ ልደርበው ስለው "ተይው፣ እንዲያውም ጎላ አድርጊው" አለኝ። ሲጨርስ ያ ስፌት የውሃውና የየብሱ መለያ ሆነ። ከስፌቱ በላይ ያ ስሙን የማላውቀው ቀለም አለ፤ ተቀብቶ፣ ተፍቆ፣ እንደገና ተቀብቶ እንደ አሮጌ ግድግዳ የደነደነ። ከስፌቱ በታች ጥቁርና የተቃጠለ ቡናማ፣ የእውነት አሸዋ ያለበት። ወደ ቀኝ ጥግ ደግሞ አንዲት ባዶ ቦታ አለች፣ ቁመቷ የክንዴን ያህል ይሆናል፤ ምንም ቀለም አልነካትም፣ ጀሶው ብቻ ነው። ወፍ የለም፣ ጀልባ የለም፣ ሰው የለም። እኔ ሥዕል አላውቅም፤ ግን ፊት ለፊቱ ስቆም ያ ነፋስ ተሰማኝ።

ይህን ሥዕል ሲሠራ ባሌ ተመለሰልኝ። ምሳ ሲደርስ ሳልጠራው ይመጣል። ቀለም ሲያሽ ያንጎራጉራል። አንድ ቀን ጭራሽ ከደንበኛዬ ጋር ስለ ቀሚስ ቁልፍ ሲከራከር ሰማሁት፣ እውነት እምልላችኋለሁ። ስለዚህ ይህን ሥዕል አንድ ሰው ነክቶ ሰው ጨምርበት፣ ፊት ሳልበት ያለው እንደሆነ፣ ኢተፋ ተመልሶ ያ ዝምታው ውስጥ እንደሚገባና ዳግመኛ እንደማይወጣ አውቅ ነበር። የፈራሁት ይህንን ብቻ ነው።

ሰኔ ላይ በሆቴሉ የጭነት መኪና ሥዕሉንና የጠረጴዛ ልብሶቼን ይዘን ሄድን። አቶ አስፋው ሥዕሉ ሲገለጥ ፊታቸው ጠቆረ። ጠጋ አሉ፣ ራቅ አሉ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ።

"ኢተፋ፣ ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ረቂቅ ነው።"

አቶ አስፋው ትልቅ ትንፋሽ አወጡ። "እ! ረቂቅ ነው እንዴ? ታዲያ መጀመሪያ እንዲህ አትለኝም? እኔ እኮ ዋናው መስሎኝ ክው አልኩ!"

ሥዕል የተማሩ ሰዎች ረቂቅ ሲሉ መልኩን ትቶ መንፈሱን የሚስል ማለታቸው ነው፤ ኢተፋ ነግሮኛል። በዚያ ሰኔ ግን አገሩ ውስጥ ረቂቅ የሚባል አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ረቂቅ ሕገ መንግሥት። በየቀበሌው፣ በየፋብሪካው፣ በየትምህርት ቤቱ አንቀጽ በአንቀጽ እየተነበበ ሰው ሁሉ ይወያይ ነበር። ማለዳ ሬዲዮ ረቂቅ፣ ቀትር ላይ ረቂቅ። እና አቶ አስፋው ምን ይፍረዱ! ኢተፋ ሊያርማቸው አፉን ሲከፍት ጎኑን ጎሰምኩት። ሰውየው ሲወጡ "ልንገራቸው እንጂ" አለኝ።

"ዝም በል አንተ! ረቂቅ ከሆነ ጥፋት የለውም። ያላለቀ ነገር ማን ይከሳል?"

ኢተፋ ሳቀ፣ ከልቡ። እኔም ብልሃቴ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ምሳ እስኪቀርብ ነው የቆየው። አቶ አስፋው ጊዜ ሳያጠፉ ነገሩን ለሆቴሉ የፖለቲካ ኃላፊ ለጓድ ገብረወልድ ነግረውት ኖሯል። "የሥዕሉ ረቂቅ መጥቷል" አሉት። ጓድ ገብረወልድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ካኪው ከነመተኮሻው መሥመር የሚታይ ሰው ነው። ሲናገር አይቆጣም፤ እኔ እንደ እሱ ያለውን ነው የምፈራው። "ረቂቅ ከሆነማ ለሠራተኛው ውይይት ይቅረብ" አለ።

በዘጠኝ ሰዓት የሆቴሉ ሠራተኛ ሁሉ ምግብ ቤት ተሰበሰበ። ሥዕሉ ከግድግዳው ጋር ቆሟል። ጓድ ገብረወልድ የመጋረጃ ዘንግ ይዞ ፊት ለፊት ቆመ። ኢተፋ ከጎኑ፣ እኔ የጠረጴዛ ልብሶቼን ታቅፌ ከኋላ ነበርን።

"ጓዶች፣ እንደተለመደው አንቀጽ በአንቀጽ እናየዋለን። አንቀጽ አንድ።" ዘንጉን ከላይ በግራ በኩል አኖረ። "ይህ ከዚህ እስከዚህ ያለው ሰማያዊ ነው። አስተያየት ያለው?"

ሠራተኛው እርስ በርሱ ተያየ፤ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። በኋላ አስተናጋጁ ገመቹ እጁን አወጣ። ሲመጡም ሲሄዱም "አካም" ብሎ የሚስቅ ወጣት ነው።

"እኔ ረቂቁን በአጠቃላይ እደግፋለሁ። ማሻሻያ ግን አለኝ። ሐይቅ ከሆነ ዓሣ ይግባበት። እንግዳው ዓሣውን እያየ ዓሣ ያዛል።"

"ዓሣ። ተይዟል" አለ ጓድ ገብረወልድ።

የወጥ ቤቷ ኃላፊ እትዬ አበዛሽ ተነሡ። በዕድሜ የጠገቡ፣ ሰፊ ሴት ናቸው። "እኔም አንቀጽ አንድ ላይ ነኝ። ላንጋኖ እኔ እስከማውቀው ሻይ በወተት ነው የሚመስለው። ይሄ ሰማያዊ ከየት መጣ? ቡናማ ይደረግልን።"

"ቡናማ። ተይዟል።"

የልብስ አጣቢዋ መሰለች አሸዋው ሲራገፍ ወለል ያበላሻል አለች። ጥበቃው ደግሞ ጥግ ላይ የሆቴሉ ስም በትልቁ ይጻፍ አለ። ሁሉም ተያዘ። ለሕገ መንግሥቱ ሲወያዩ የከረሙ ናቸውና አነጋገሩን ተክነውበታል፤ "ይህ እንደተጠበቀ ሆኖ" ይላሉ፣ "በዚህ ላይ ተጨማሪ" ይላሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ በፈረስኩ ነበር። ኢተፋን ሳየው ግን ሳቄ ጠፋ። ዓሣውንም ቡናማውንም ሲሰማ ፊቱ ላይ ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም እንደ ቁም ነገር ነበር የሚሰማቸው። ጓድ ገብረወልድ የመጨረሻውን ሲጀምር ነው አንገቱን የደፋው።

"እኔ ደግሞ መሠረታዊ ጥያቄ አለኝ። ሰፊው ሕዝብ የት አለ?" ዘንጉን ከዳር እስከ ዳር አሳለፈው። "ሐይቁ ያለ ሠራተኛው ሰው ምንድን ነው? በዋናው ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከፊት ይቆማል። ፊቱ በደንብ የሚታይ፣ ብሩህ ፊት። ለምሳሌ እዚህ።" ዘንጉ ያቺ ጀሶ ብቻ የሆነች ባዶ ቦታ ላይ ዐረፈ። "ቦታውም ክፍት ነው። ጓድ ኢተፋ፣ እንዴት ነው፣ ትጨምራለህ?"

"እሺ በል፤ እሺ ብለህ ቤት እንግባና እኔ ሌላ ሠዓሊ እፈልግልሃለሁ" እያልኩ በልቤ እጮሃለሁ። ኢተፋ ያቺን ቦታ ትንሽ አያት።

"እዚያ ሰው ነበረበት" አለ።

"የት?"

"ዘንጉ ያለበት ላይ። ድንጋይ አለ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ተነሥቶ ሄደ። እኔ የሳልኩት ከሄደ በኋላ ነው።"

"ማን ነው እሱ?"

"ወንድሜ ነው። ሰንበታ ይባላል።"

ያን ስም ከባሌ አፍ ስሰማ የታቀፍኩት ጨርቅ ከእጄ ወደቀ። ኢተፋ ማንንም ሳያይ፣ መንገድ እንደሚያመላክት ሰው ረጋ ብሎ ቀጠለ፤ "ከኩየራ ለዕረፍት ሲመጣ ሻላ ወረድን። ዋና ይወድ ነበር። ሲዋኝ ውሎ፣ ፀሐይ ልሙቅ ብሎ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጨውም ደረቱ ላይ ደርቆ ነበር። ከዚያ ወዲያ አብረን አልዋልንም። ያን ቦታ እየሄድኩ አያለሁ። ውሃው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ቦታውን እስልላችኋለሁ። ሰውዬውን ግን አልችልም።"

ይህን እኔም የሰማሁት ያን ቀን ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ውሃ የሚያይ መስሎኝ ስስቅበት፣ ያ ሰው ለካ አንዲት ድንጋይ ነበር የሚያየው።

ጓድ ገብረወልድ አፉን ከፈተ። "ወዴት…" ብሎ ጀመረና ተወው። ወዴት እንደሄደ አልጠየቀም። በዚያ ዘመን ያን ጥያቄ የሚተው ሰው መልሱን የሚያውቅ ሰው ነበር፣ እና በዚያ ክፍል ውስጥ መልሱን የማያውቅ አልነበረም። ከውጭ ላንጋኖ ዳሩን ሲመታ ይሰማል። እኔ ኢተፋን ሲወስዱት ታየኝ። በሩ በየት በኩል እንደሆነ ዞሬ አየሁ።

ገመቹ ተነሣ። እጁንም አላወጣም።

"ዓሣውን አንሥቻለሁ" አለ።

"ምን?" አለ ጓድ ገብረወልድ።

"ማሻሻያዬን አንሥቻለሁ። ዓሣው ይቅር።"

እትዬ አበዛሽ ተቀምጠው ነበር፣ ሳይነሡ "ቡናማውም ይቅር" አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። "ሰማያዊ ይሁን። ልጁ እንዳየው ይሁን።" መሰለች "አሸዋውን እኔ እጠርገዋለሁ" አለች። ጥበቃው ባርኔጣውን አውልቆ እራሱን ነቀነቀ፤ የሆቴሉም ስም በዚያው ቀረ። አንድ በአንድ አነሡ። የቀረው የጓድ ገብረወልድ ብቻ ነበር፤ ሁላችንም እሱን አየነው።

ዘንጉን ከሥዕሉ ላይ አነሣው፣ ቀስ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ከዚያ የካኪውን ኮሌታ አስተካከለ። ሲናገር ያው የስብሰባ ድምፁ ነው።

"ተጨማሪ አስተያየት ከሌለ፣ ረቂቁ እንዳለ ይጽደቅ የምትሉ?"

እጅ ሁሉ ወጣ። የዚያን ዘመን እጅ አውቀዋለሁ፤ ቶሎ የሚወጣ፣ ቶሎ የሚወርድ፣ ባለቤቱ ሌላ ነገር የሚያስብበት እጅ ነው። ይህኛው ዝግ ብሎ ወጣ፤ እንደወጣም ቆየ። የራሱ የጓድ ገብረወልድ እጅ ከሁሉ በኋላ ወጣ።

"የሚቃወም? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ስብሰባው አብቅቷል።"

ሰው ግን ወደ በሩ አልሄደም። እትዬ አበዛሽ ቀድመው መጡ። ወደ ኢተፋ ተጠግተው፣ በሁለት እጃቸው እጁን ይዘው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ "እግዜር ያጽናህ ልጄ" አሉት። ወደ እኔ ዞሩና "ያጽናሽ" አሉኝ። ከኋላቸው ገመቹ፣ ከገመቹ ኋላ መሰለች፣ ጥበቃው፣ አቶ አስፋው ዕንባቸውን በመነጽራቸው ሥር እየጠረጉ፣ አልጋ አንጣፊዎቹ፣ አትክልተኛው። ከለቅሶ ቤት ደጃፍ እንደሚሰለፍ ሰው ተሰልፈው አንድ በአንድ አጽናኑን። ሰንበታ ከተወሰደ ወዲህ ይህን ቃል ለእኛ ያለን ሰው አልነበረም። ማን ይድፈር! እናቱ እንኳ አልተባሉም።

የመጨረሻው ጓድ ገብረወልድ ነው። ኢተፋ ፊት ቆመና ጨበጠው፤ ሲጨብጥ ቆየ።

"ያጽናህ" አለው።

ማን እንደሚያጸናው አልተናገረም። ካኪ የለበሰ ሰው ያን ስም በሰው ፊት አይጠራም ነበር። ግን በአማርኛ ያጽናህ ከተባለ ማን እንደሆነ ሕፃንም ያውቀዋል። እሱም ሳያውቀው አይደለም።

ኢተፋ ያን ጊዜ አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የስምንት ዓመቱ ነበር የወጣው፣ በገዛ ሥዕሉ ላይ ግንባሩን አስደግፎ። ተው ያለው የለም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ አጠገቡ ቆምኩ። እትዬ አበዛሽ አዲሱን የጠረጴዛ ልብስ ከወለሉ አንሥተው ወንበር አዞሩ፣ ሌሎቹም አዞሩ፣ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ ተቀመጠ። የሰንበታን ለቅሶ በስምንት ዓመቱ፣ ላንጋኖ ዳር፣ ሆቴል ምግብ ቤት ውስጥ ተቀመጥን።